"ጎንደር ተያዘች" የሚለውን መልእክት ከማስተላለፋችን በፊት

ዛሬ የምጽፍላችሁ በየማታው ስልካችን ላይ ስለሚገባው የጦርነት ወሬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ማንበብ ለሚከብዳቸውም አንብቡላቸው። ቀኖቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

"ጎንደር ተያዘች" የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ግሩፕ "ጎንደር ነፃ ወጣች" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ጎንደር ሰላም ነች፣ የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው" ይላል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ከተማና ስለ አንድ ቀን ነው። ማን ያዛት? ከማን ነፃ ወጣች? ማን አየ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ግሩፕ ይላካል። አማርኛ ማንበብ የማይችሉት ልጆቻችን ደግሞ "አባ፣ ማን ከማን ጋር ነው የሚዋጋው?" ብለው ሲጠይቁን "አማራና ትግሬ ነው" ወይም "መንግሥትና ፋኖ ነው" ብለን በአንድ ቃል እናልፋለን።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ የታጠቀውን ሰው በስሙና በቦታው ለይተን ካልጠራን፣ በዓይኑ ያየውን በወሬ ከሰማው ካልለየን፣ የምናስተላልፈው መልእክት እዚያ ያሉትን ዘመዶቻችንን ይጎዳል፣ እዚህ ያለነውን ደግሞ ያለያየናል።

ይህን ሥራ እናንተ ድሮም ታውቁታላችሁ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በጎንደር ክፍለ ሀገር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ደርግ ነበር። በሁመራና በመተማ በኩል ኢዲዩ ነበር። ኢሕአፓ ነበር። ሕወሓትም ነበር። በመንግሥት ሬዲዮ ሁሉም "ወንበዴ" ነበሩ። ገበሬው ግን ለይቶ ያውቃቸው ነበር። ከየት በኩል እንደመጡ፣ እርስ በርስ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ፣ አለቃቸው ማን እንደሆነ፣ እህል ሲወስዱ ይክፈሉ አይክፈሉ ያያል። ሳያጣራ መንገድ አይወጣም። ወደ ሱዳን በእግሩ ለተጓዘ ሰው፣ ሌሊት ጫካ ውስጥ ያገኘው ታጣቂ የማን እንደሆነ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ዜናም ቢሆን ማታ በር ተዘግቶ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚሰማው። አዲስ አበባ ያለው ከጀርመን ድምፅ ጋር፣ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ ድምፅ ጋር ይመሳከር ነበር። ወላጆቻችን "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት" ያሉት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ስልኩ ስማርት ሆነ፣ መላው ግን ቀረ።

እንግዲህ ማን ማን ነው?

በመጀመሪያ የመንግሥት ወገን። መከላከያ የሚባለው የፌዴራሉ መንግሥት ጦር ነው። ሚሊሻ ደግሞ በየቀበሌው የታጠቀ፣ ለአካባቢው አስተዳደር የሚታዘዝ ሰው ነው። ድሮ እያንዳንዱ ክልል "ልዩ ኃይል" ነበረው። በኤፕሪል 2023 መንግሥት ልዩ ኃይሎቹ ፈርሰው ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። በአማራ ክልል ብዙ ሰው ተቃወመ፤ ከልዩ ኃይሉ አባላት መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ፋኖ የሄዱ አሉ። ስለዚህ ወታደር ልብስ የለበሰ ሁሉ የመንግሥት ወታደር ነው ማለት አይቻልም። ልብስ ይማረካል፣ ይገዛልም።

ፋኖ። ስሙ የቆየ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የተዋጉት አርበኞችም ይጠሩበት ነበር። የዛሬው ፋኖ ግን ከመጀመሪያው በአንድ አዛዥ ሥር ያለ አንድ ጦር ሆኖ አልተነሳም። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎውና የሸዋው የየራሳቸው መሪዎች ነበሯቸው። አንድ ሆነናል ያሉበት ጊዜ አለ፣ የተለያዩበትም ጊዜ አለ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ፋኖ ከመከላከያ ጎን ሆኖ ሕወሓትን ሲዋጋ ነበር። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ ከመከላከያ ጋር ነው የሚዋጋው። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ላይ "ፋኖና መከላከያ" የሚል ካያችሁ፣ ዓመቱን ሳታውቁ ጓደኛ ይሁኑ ጠላት ማወቅ አትችሉም።

በትግራይ በኩል ሕወሓት ፓርቲ ነው፤ የትግራይ ሠራዊት የሚባለው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ የተደራጀው ጦር ነው። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሕወሓት ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወገን በደብረጽዮን ገብረሚካኤል፣ ሌላው በጌታቸው ረዳ ዙሪያ። "ትግሬዎቹ እንዲህ አደረጉ" የሚል ዜና ሲመጣ እንግዲህ የትኛው? ብላችሁ ጠይቁ።

የኤርትራ ጦር የሌላ አገር መንግሥት ጦር ነው፤ ሰው "ሻዕቢያ" ይለዋል። በኦሮሚያ ደግሞ መንግሥት "ሸኔ" የሚለው ቡድን ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ጦር ብሎ ይጠራል። በ2018 ወደ አገር ቤት ከተመለሰው ከኦነግ ተለይቶ ጫካ የቀረው ክፍል ነው። በ2023 ታንዛኒያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ ሳይስማማ ቀርቷል። ብዙዎቻችን ግን ሁለቱንም አንድ አድርገን "ኦነግ" እንላቸዋለን።

ከእነዚህ ሁሉ ውጪ ደግሞ ለማንም የማይዋጋ፣ ለገንዘብ ብቻ ሰው የሚያግት አለ። አጋቹ አንዳንዴ በሌላው ስም ይነግዳል። "ያገተው ፋኖ ነው" ወይም "ያገተው ሚሊሻ ነው" ብሎ ከዚህ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው፤ ልጁ የተያዘበት ቤተሰብ ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር በትክክል ማወቅ አለበት።

ስም በፖለቲካ እንደሚለዋወጥም አትርሱ። ሕወሓት እስከ 2018 ድረስ በመንግሥት ውስጥ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። በሜይ 2021 ፓርላማው አሸባሪ አለው። በኖቬምበር 2022 መንግሥት አብሮት ተፈራረመ። በማርች 2023 ከአሸባሪነት መዝገብ ወጣ። "ጁንታ"፣ "ጽንፈኛ"፣ "ወራሪ"፣ "ነፃ አውጪ" የሚሉት ቃላት ስለ ታጣቂው ብዙ አይነግሩንም፤ የሚነግሩን ስለ ተናጋሪው ነው።

ከሁሉም በላይ ቋንቋ ጦር አይደለም። ትግርኛ የሚናገር ሁሉ ሕወሓት አይደለም፣ አማራ ሁሉ ፋኖ አይደለም፣ ኦሮሞ ሁሉ ሸኔ አይደለም። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በማኅበረሰባችን ውስጥ ከሽሬና ከወልቃይት የመጡ ትግርኛ ተናጋሪዎች አሉ፣ ከወገራና ከደምቢያ የመጡ አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉ። ተጋብተናል፣ በአንድ ቤት ክኔሴት እንጸልያለን፣ በለቅሶ አብረን እንቀመጣለን። አንድ ሰው "እነሱ" የሚል ቪዲዮ ለግሩፑ ሲልክ፣ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ያለች እናት ያ ቃል ለእሷ እንደሆነ ይሰማታል። በማንም ላይ ሳትጮህ ዝም ብላ ከግሩፑ ትወጣለች።

እውነተኛ ወሬ እንዴት ወጣ?

አራት የታወቁ ነገሮችን ላንሳ፤ ከእያንዳንዱ የምንማረው አለ።

አንደኛ፣ ማይካድራ። በኖቬምበር 9 ቀን 2020፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ እዚያ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሦስተኛው ቀን ፎቶና ቪዲዮ መርምሮ ግድያው መፈጸሙን አሳወቀ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ማለትም ኢሰመኮ፣ በኖቬምበር 24 ቢያንስ 600 ሰው ተገድሏል አለ። ወደ ሱዳን የሸሹ የትግራይ ተወላጆች ደግሞ ግድያው በእኛ ላይ ነው የተፈጸመው አሉ። ከዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮና ኢሰመኮ በጋራ ያወጡት ሪፖርት፣ "ሳምሪ" የተባለ የትግራይ ወጣቶች ቡድን ከ200 በላይ አማሮችን እንደገደለ፣ ከዚያ ቀጥሎም በትግራይ ተወላጆች ላይ የበቀል ግድያ እንደተፈጸመ ጻፈ። ሁለቱም ሆኗል ማለት ነው። በየግሩፑ ግን ያየነው እያንዳንዱ ወገን የራሱን ግማሽ ይዞ ሲጮህ ነበር። ቁጥሮቹም ይለያያሉ፤ ቁጥር መለያየቱ ግን ብቻውን ውሸት ነው ማለት አይደለም። ማን ቆጠረ? መቼ? በምን መንገድ? ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የኤርትራ ጦር። ለወራት ባለሥልጣናት የኤርትራ ጦር ትግራይ ውስጥ የለም ሲሉ ቆዩ። ከአክሱም ያመለጡ ሰዎች ግን በኖቬምበር 2020 መጨረሻ የኤርትራ ወታደሮች ብዙ ሰው እንደገደሉ ይናገሩ ነበር። አምነስቲ በፌብሩዋሪ 2021 ሪፖርት አወጣ፣ በማርች ኢሰመኮም ግድያውን አረጋገጠ። በማርች 23 ቀን 2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኤርትራ ጦር መግባቱን ራሳቸው ለፓርላማው ተናገሩ። ባለሥልጣን "የለም" ስላለ ነገሩ የለም ማለት አይደለም። ቦታው ላይ የነበሩ የማይተዋወቁ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ሲናገሩ ጆሮ መስጠት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። በ2019 መጨረሻ አካባቢ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ ታገቱ። በጃንዋሪ 2020 መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ብሎ አስታወቀ። ወላጆቻቸው ግን ልጆቻችን አልደወሉልንም፣ ድምፃቸውን አልሰማንም አሉ። የመፈታት ወሬ እውነት የሚሆነው እናት የልጇን ድምፅ ስትሰማ ነው።

አራተኛ፣ መርዓዊ። በጃንዋሪ 29 ቀን 2024 በዚህች የጎጃም ከተማ በመከላከያና በፋኖ መካከል ውጊያ ከተደረገ በኋላ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ኢሰመኮ ማንነታቸውን ያረጋገጠላቸው ቢያንስ 45 ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ገለጸ። መንግሥት ሰላማዊ ሰው አልነካንም አለ። እዚህ ላይ "ቢያንስ" እና "ማንነታቸውን ያረጋገጠላቸው" የሚሉትን ቃላት ያዙ። ጠንቃቃ ሰው የሚናገረው እንደዚህ ነው፤ ያወቀውን ያህል ብቻ። ደግሞም ኢሰመኮ በመንግሥት ሕግ የተቋቋመ ሆኖ ሳለ በመንግሥት ጦር ላይ መሰከረ፣ ፋኖ ስለፈጸመው ግድያና እገታም ሪፖርት አውጥቷል። ሁለቱንም ወገን የሚያስቀይም ምስክር አብዛኛውን ጊዜ ሊሰሙት የሚገባ ምስክር ነው።

ከማስተላለፋችን በፊት የምንጠይቀው

1. የት ነው? መቼ ነው? "ሰበር ዜና" ብሎ ቀበሌውንና ቀኑን የማይናገር ዜና አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የሚጮኸው ሰው የሚከፈለው በተመልካች ብዛት እንደሆነ አትርሱ።

2. ተናጋሪው አይቷል ወይስ ሰምቷል? ያየ ሰው ያላየውንም ይናገራል፤ "ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም" ይላል። ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ጠርጥሩት።

3. ሌላኛው ወገን ምን አለ? የመንግሥት ጣቢያ የመንግሥትን ቃል ይነግራችኋል፤ የፋኖ ገጽ የፋኖን ቃል ይነግራችኋል። ሁለቱንም መስማት ይቻላል፤ ግን የተከራካሪ ቃል አድርጋችሁ ስሙት። ቢቢሲ አማርኛና የጀርመን ድምፅ የሁለቱንም ለማቅረብ ይሞክራሉ። ሀቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ ደግሞ ሥራቸው የሐሰት ፎቶና ወሬ ማጣራት ነው፣ በአማርኛም ይጽፋሉ።

4. ቪዲዮው ራሱ ምን ይላል? እዚህ ላይ እናንተ ሽማግሌዎች ከማንም ትበልጣላችሁ። በጃንዋሪ የተቀረጸ ነው ተብሎ ማሳው ሁሉ ለምለም ከሆነ፣ ጤፍ በዚያ ጊዜ ታጭዶ ተወቅቶ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ጎንደር ነው ተብሎ የሰዎቹ አነጋገር የሌላ አገር ከሆነ ጆሯችሁ ይለየዋል። የቤቱን አሠራር፣ ተራራውን፣ የሴቶቹን አለባበስ እዩ። የልጅ ልጆቻችሁ ደግሞ ፎቶውን በጎግል ፈልገው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ያሳዩአችኋል። አንዱ አገሩን ያውቃል፣ ሌላው ስልኩን ያውቃል፤ አብራችሁ ብትቀመጡ ጥሩ መርማሪ ትሆናላችሁ።

5. ገንዘብ ይጠይቃል? በጦርነት ስም፣ በእገታ ስም፣ በእርዳታ ስም የሚጠይቅ መልእክት ሁሉ ከመላክ በፊት በሌላ ዘመድ በኩል ይጣራ። ድምፅ ብቻ አይበቃም፣ ዛሬ ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራል። ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ ጠይቁ።

ስልክ ስንደውልስ?

በኦገስት 2023 ውጊያው ጎንደርና ባሕር ዳር ሲደርስ፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ እስራኤል ከሁለቱ ከተሞች ከ200 በላይ ሰዎችን አውጥታ ወደ አዲስ አበባ ወሰደች። በጎንደር የሚጠባበቁት ብዙዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። እናታቸው፣ ወንድማቸው፣ ልጃቸው እዚያ ያለ ሰዎች ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ነው። ከዚህ ሆነን "ከተማው ሊያዝ ነው ውጡ" ብለን ስንደውል፣ ያቺ ሴት ልጆቿን ይዛ መንገድ ልትወጣ ትችላለች። በዚህ ጦርነት ደግሞ መንገዱ ብዙ ጊዜ ከቤቱ የባሰ አደጋ አለው። ስለ መንገድ የሚያውቀው እዚያው ያለው ሰው ነው፤ ውሳኔውን ለእሱ እንተው።

ሌላም አለ። ዘመዶቻችንን በስልክ "የትኞቹ ታጣቂዎች ናቸው ያሉት? ስንት ናቸው? በየት ገቡ?" ብለን አንጠይቅ። ያ ጥያቄ በአንዱ ወገን ጆሮ ስለላ ነው። የላኩልንን ድምፅም ለግሩፕ አንላክ፤ ድምፁ ስሙን ከነሰፈሩ ይናገራል። "ደህና ናችሁ? ዱቄት አለ? መድኃኒት አላለቀም? ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ?" ብለን ብንጠይቅ ይበቃል። ከመልሳቸውም ስለ ከተማው ከማንኛውም ሰበር ዜና የበለጠ እንረዳለን።

እኛ እዚህ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ምን እንደሚመስል አይተናል። ሲረን ሲጮህ የምንሰማው ፒኩድ ሃኦሬፍን እንጂ የዋትሳፕ ወሬን አይደለም። የወደቀ ወታደር ስም ቤተሰቡ በር ተንኳኩቶ ሳይነገረው በዜና አይወጣም። አንድ ሰው ቀድሞ ስሙን ቢለቅ ሁላችንም እንቆጣለን፣ ያሳዝነናልም። የጎንደር እናትም እንደዚያው ናት። የልጇን ሬሳ ከእኛ ግሩፕ በዞረ ቪዲዮ ማየት የለባትም።

"ዝም ማለት ከገዳይ ጋር መቆም ነው" የሚሉ አሉ። ሕዝብ እያለቀ ምን ማጣራት ነው? ይላሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፣ ዝም በሉም አልልም። ግን እስቲ አስቡት፦ አንድ የውሸት ፎቶ ሲጋለጥ ማን ይጠቀማል? የሚጠቀመው ገዳዩ ነው። "አያችሁ፣ ሁሉም ፈጠራ ነው" ብሎ እውነተኛውንም ግድያ አብሮ ይክዳል። የመርዓዊ ሟቾች የተሰማላቸው ስማቸውን አንድ በአንድ ያጣሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለሞተ ሰው ከጩኸት ይልቅ የሚጠቅመው ስሙና ቀኑ በትክክል መጻፉ ነው።

የድሮው አዋጅ ነጋሪ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይል ነበር። እሱ ግን ከማን እንደተላከ ይታወቅ ነበር። እኛም በየግሩፓችን አንድ ነገር እንስማማ፦ ቦታ፣ ቀንና ተናጋሪ የሌለው የጦርነት መልእክት አይለፍ። የግሩፑ አስተዳዳሪዎች፣ ኬሶችና ሽማግሌዎች ይህን ብትሉ ሰው ይሰማችኋል። ልጆቻችሁም "ማን ከማን ጋር ነው?" ብለው ሲጠይቁ አንድ ቃል አትመልሱላቸው፤ ቁጭ አድርጋችሁ አስረዷቸው።

ደግ ወሬ ያሰማን።